ሐዋ የተሸኘችበት ቀን

በእኛ ጊዜ እኮ፣ ልጆቼ፣ መንግሥት ለዘፈን ብር ይመድባል ያለን ሰው ቢኖር "ጂኒ መትቶሃል" ነበር የምንለው። ዘፈን የሠርግ ነው፣ ባለሠርጉ አብልቶ አጠጥቶ መርቆ ይሸኛል፣ አለቀ። ታዲያ አሁን ጊዜው ሌላ ሆነና ከዞኑ፣ ከባህል መምሪያው፣ ሰዎች መጥተው "ባህላችሁን ለምታቆዩ ቡድኖች ድጋፍ አለ፣ አመልክቱ" አሉ። ባለቤቴ ሐዋ ይህን ስትሰማ፣ ወላሂ፣ እንቅልፍ አጣች።

ሐዋ ማለት ከጨፋ ሮቢት እስከ ሰንበቴ ሙሽራ በዘፈን ስትሸኝ የኖረች ናት፣ ባማርኛውም በኦሮምኛውም። ታዲያ ዛሬ ሠርጉ ሁሉ በስፒከር ሆነ አይደል? "እኔና አሚናት ስናልፍ ይህ ዜማ አብሮን አፈር ሊገባ ነው፤ ድጋፉን ካገኘን ቤት ተከራይተን፣ ከበሮ ገዝተን፣ ልጃገረዶቹን እናስተምራለን" ትላለች። አሚናት ከበሮ መቺዋ ጓደኛዋ ናት። ጧት ይህንኑ ትላለች፣ ማታ ይህንኑ ትላለች፣ እኔም "ኤዬ፣ አዎ" እላለሁ።

እና አመለከቱ፣ እና ከባህል ሁለት ሰዎች ሊያዩ መጡ፣ አንድ ወጣትና አንዲት ሴትዮ። ግቢያችን በሴት ሞላ። ሰላምታው፣ አካም ጅርቱው፣ ዱአው ካለቀ በኋላ ወጣቱ "በሉ እስቲ እናቶቼ፣ ያን የሙሽራ ሽኝት አሰሙን" አለ። አሚናት ከበሮዋን እንደታቀፈች ሐዋን ታያለች፣ ሐዋ መሬት መሬት ታያለች።

"ምነው?" አለ ልጁ።

"ሙሽራዋ የታለች?" አለች ሐዋ።

"እንዴ እማ ሐዋ፣ ለማሳየት ነው እኮ!"

"የኔ ልጅ፣ ሽኝት ሙሽራ ሳትቀመጥ አይወጣም። እንዲያው ከተዘፈነ የሚሸኘው ሬሳ ነው ይሉ ነበር የቀድሞዎቹ።"

ታዲያ ልጁ ብልሃት ያገኘ መስሎት "አንዷን ልጃገረድ ሸፍናችሁ አስቀምጧታ" አይልም? ኧረ የእናቶቹ ጩኸት! "ኒካሕ ሳታስር? የልጄን እድል ልትዘጋባት ነው?" "እሺ፣ ያገባች ትቀመጥ" ይላል እሱ። "አስተግፊሩላህ! አንዴ የተሸኘች ዳግም ከተሸኘች ከባሏ ቤት መውጣቷ አይደል!" ልጁ ጨነቀው። ሴትዮዋም ቀስ ብላ "እናቶቼ፣ ሳንሰማ እንዴት ድጋፍ ይገባቸዋል እንበል? ሌሎች ቡድኖችም እየጠበቁን ነው" አለች። እውነቷን ነው፣ ምን ታድርግ። እኔ ጥግ ተቀምጫለሁ፤ ሐዋዬ ያን ያህል የተመኘችው ነገር ዓይኔ እያየ ሊያመልጣት ነው።

ያኔ አሚናት ከበሮዋን አስቀመጠችና "አግብታ ያልተሸኘች ብትገኝስ?" አለች።

"ማን ናት እሷ?"

"ይችው ሐዋ ናታ!"

እናንተ ልጆች ይህን አታውቁትም። ሐዋን ያገባኋት በድርቁ ጊዜ ነው፣ ከብቱ ባለቀበት፣ እናቷም በዚያው ሰሞን ሞታባት። ማን ይዘፍናል? አባቷ ኒካሑን አስሮ እጇን ሰጠኝ፣ እና በእግራችን መጣን፣ እኔና እሷ ብቻ፣ እልል ያለ ሰው የለም። ያገር ሙሽራ ሁሉ የሸኘች ሴት፣ ለእሷ ማንም አልዘፈነላትም! እኔ ረስታዋለች ብዬ ነበር።

"ተዉኝ፣ በዚህ እርጅናዬ!" አለች። ወዴት ሊተዋት! ጋቢ ደረቡባት፣ ፊቷን ሸፈኑት፣ መደቡ ላይ አስቀመጧት። አሚናትም በዚያ በሻከረ ድምፅዋ አነሳችው፦

ቦርከናን ተሻግረሽ ስትሄጂ ማለዳ፣
እናትሽ ደጅ ቀረች ቆማ እንደ እንግዳ።

ያ ጋቢ መንቀጥቀጥ ጀመረ። አሚናት እያለቀሰች ትመታለች፣ ሴቶቹ እያለቀሱ ይቀበላሉ፣ ልጁ በስልኩ መቅረጹን ትቶ አፍንጫውን ይጠርጋል። የኔንማ ተዉት።

ድጋፉ ቆይቶ ተፈቀደ፣ አልሐምዱሊላህ፤ የጠየቁትን ያህል ባይሆንም ቤቷም ከበሮውም ተገኘ። ይኸው ልጃገረዶቹ ከጁምዓ በኋላ ሲያዜሙ ትሰሙ የለ? ግን የዚያን ቀኑን ልጨርስላችሁ። እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ሐዋ ከነጋቢዋ አልነሳም አለች።

"ተነሽ እንጂ፣ ማል ታቴ? ምን ሆንሽ?" እላታለሁ።

"የተሸኘች ሙሽራ እዚያው አታድርም። ሙሽራው ይውሰደኝ!" አትልም?

ሴቶቹ በሳቅ ፈነዱ። እንግዲህ ምን ላድርግ፣ ባንድ እጄ ከዘራዬን፣ ባንድ እጄ እሷን ይዤ ከአጥር ወጣንና፣ በጎረቤት በኩል ዞረን፣ ወደዚያው ወደ ገዛ ቤታችን አመጣኋት፣ ሴቶቹ ከኋላችን እልልታውን እያቀለጡት።

"በሩ ላይ ስትደርሱስ ምን አለችዎት፣ አባባ?" አለች ከአድማጮቹ አንዷ።

"ቆመች። ቆመችና ጋቢውን ከፊቷ ገለጥ አድርጋ፣ 'አሁን እናቴ ሸኘችኝ' አለች።"

"እርስዎስ?"

"እኔማ 'ግቢ በቢስሚላህ፣ ሙሽራዬ' አልኳታ! ሃሃሃ፣ ጥርስ ባይኖረኝም ያን ቀን ሙሽራ ነበርኩ እኮ!"