ከጫማዬ የበቀለው ጫካ

በደርግ ጊዜ ከድሬዳዋ ወጣ ብሎ ዋሂል አጠገብ አንድ የተከለለ ጋራ እጠብቅ ነበር። ሳሩ የከብቶቻችን የበጋ ቀለብ ስለሆነ፣ እንኳን ፍየል ነፋስም ሳያስፈቅደኝ አይገባም። ያን ሰሞን ከተማውን ነጭ አበባ ያለው አረም ወርሶታል፤ ሳር ያጠፋል፣ ወተት መራራ ያደርጋል። አንድ ቀን አረም የምታጠና ሴት መጣችና "እዚህስ ገብቷል?" አለችኝ። "አቦ፣ እኔ እያለሁ በየት በኩል?" አልኳት። "እስቲ ጫማህን አውልቅ" አለች። አዲስ ልትገዛልኝ መስሎኝ በረባሶዬን ደስ እያለኝ ሰጠኋት። እሷ ግን ጭቃውን ፍቃ ሳህን ላይ አደረገች፤ የራሷንም ጫማ ፍቃ በሌላ ሳህን። "ውሃ እያጠጣህ ጠብቅልኝ" ብላ ሄደች።

ጭቃ ስጠብቅ ሰፈሩ ሁሉ ሳቀብኝ። ከወር በኋላ ስትመለስ ሁለቱም ሳህን ጅብ የሚደበቅበት ጫካ ሆኗል። "ያው እሱ ነው" አለች ቅጠሉን ገልጣ፣ "ከኔም ካንተም።" አፌን በእጄ ያዝኩ። ለካ አረሙ እግራችን ላይ ያለ ቲኬት ተሳፍሮ ነው የሚገባው።

ከዚያ ወዲያ ጫማውን ሳያራግፍ የሚያልፍ የለም። አንድ ቀን የቀበሌው ካድሬ ከነቦቲ ጫማው መጣ። "ጓድ፣ ጫማዎን" አልኩት። "እኔን ነው?" አለ ሽጉጡን እየነካ። ሳህኑን አንስቼ "ይሄ ሁሉ ከጫማዬ የበቀለ ነው" አልኩት። ሳህኑን አየ፣ ቦቲውን አየ። ከዚያ ድንጋዩ ላይ ቁጭ ብሎ ክሩን መፍታት ጀመረ።