የሰው እጅ የማያይ ዘፈን

ፓፓ ኢሉምቤ ንላንዱን ሲፈልጓት ሰንብተው፣ ያገኟት ግን ሳያስቡት ነው። ሙቀቱ ቢበረታባቸው ማቶንጌ ሰፈር ካለው የማማ ቬሮ መጠጥ ቤት ጎራ አሉ፤ ልጅቱ ከፍሪጁ ጀርባ ተንበርክካ በመፍቻ ብሎን ትፈታለች።

«አንቺ ነሽ እንዴ? ኪንሻሳ ሙሉ በደረስሽው ዜማ ሲጨፍር አንቺ እዚህ አቧራ ትቅሚያለሽ?»

«ደህና ዋሉ ፓፓ! መብራቱ እየሄደ እየመጣ ሞተሩን አቃጥሎባቸው ነው። ይቀመጡ፣ ልጨርስ ነው።»

ሽማግሌው በጊዜያቸው ስመ ጥር የዘፈን ደራሲ ነበሩ። ዛሬ የተረፋቸው ከአንድ ቱጃር ያገኙት ነጭ ሙሉ ልብስ ብቻ ነው፤ ትከሻው ስለሚሰፋቸው የሌላ ሰው እንደነበር ያስታውቃል። ተቀመጡና ወደ ጉዳያቸው ገቡ።

«ሲሚንቶ ነጋዴውን ቦስ ካዛዲን ታውቂዋለሽ። ለእናትሽ የደረስሽውን ሰምቶ ወዶታል። ስቱዲዮውንም ተጫዋቾቹንም እኔ እችላለሁ ብሏል። የሚፈልገው፣ ጊታሩ ሲሞቅ ስሙ እንዲጠራለት ብቻ ነው።»

«የትኛው ቦታ ላይ?»

ፓፓ ኢሉምቤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ያው… ‘ንዞላ፣ ንዞላ’ ከምትይው ላይ።»

ንዞላ የንላንዱ እናት ናቸው፤ ዓሣ ሸጠው ልጃቸውን በቴክኒክ ትምህርት ቤት አስተምረው ባለፈው የዝናብ ወራት ያረፉ። ሽማግሌው ይህን አይስቱትም። ነገር ግን ልጅቱ እሺ ካለች በልካቸው የተሰፋ አዲስ ሙሉ ልብስ ቃል ተገብቶላቸዋል፤ ልባቸው እሱ ላይ ነበር።

«አይሆንም ፓፓ።»

«ምን ማለትሽ ነው? በእኛ አገር ስም ሳይጠራበት የሞቀ ዘፈን የት አለ? ባለጠጋ ይከፍላል፣ ደራሲ ያሞግሳል። ስንኖርበት የኖርነው ነው!»

«ማሞገሱን መች ጠላሁ? የወደድኩትን ሰው ስም በነፃ እጠራለሁ። ሆዴ ባዶ ስለሆነ መጥራቱን ነው የማልፈልገው።»

«ይሄ ትዕቢት ነው! ቀን ፍሪጅ ስትፈቺ ውለሽ ማታ በየትኛው ጉልበትሽ ልትደርሺ? ዜማ እኮ የትርፍ ሰዓት ሥራ አይደለም!»

«እውነትዎን ነው፤ ደክሞኝ ጊታሩን ሳልነካው የምተኛበት ቀን አለ። የቤት ኪራይ ጭንቅላቴ ውስጥ ሲጮህ ግን ጭራሽ ዜማ አይመጣልኝም። አሁን ኪራዩን ፍሪጁ ይችልልኛል፤ ለስቱዲዮም ከዚሁ አስቀምጣለሁ። ይዘገይ ይሆናል እንጂ ዘፈኑ የእኔ ነው።»

«እስኪደርስ ታረጃለሽ!» አሉ ሽማግሌው። አልተረቱም ነበር፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ የኖሩበትን ነገር የአንዲት ወጣት አነጋገር ብቻ አያስጥላቸውም።

በዚህ መሐል መብራት መጣ፤ ጠጪው ሁሉ አጨበጨበ። ፍሪጁ ማጉረምረም ጀመረ፣ መደርደሪያው ላይ ያለው ሬዲዮም አብሮ ነቃ። የሚዘፈነው የፓፓ ኢሉምቤ የድሮ ዘፈን ነበር። ሽማግሌው ኮራ ብለው ተቀመጡ። ጊታሩ ሲሞቅ ዘፋኙ «ሎምቦቶ! ባለመርከቡ ሎምቦቶ!» ብሎ ተጣራ።

«አቤት የሎምቦቶ ዘፈን!» አሉ ማማ ቬሮ ወገባቸውን እየነቀነቁ። «ሰውዬው ሚስቱን እንዴት ቢወዳት ነው!»

ንላንዱ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀች። «ፓፓ፣ ይሄን ለማን ነበር የደረሱት?»

የሽማግሌው ኩራት በአንድ ጊዜ ጠፋ። የደረሱት ባለቤታቸው ኤኪላ ታማ በተኛችበት ሰሞን ነበር። እዚያ ቦታ ላይ የነበረው የእሷ ስም ነው፤ ሎምቦቶ ሲከፍል የእሱ ስም ተተካበት። ዘፈኑ በሬዲዮ የተላለፈ ዕለት ኤኪላ ትራሷን ደገፍ ብላ ስሟን ስትጠብቅ የሌላ ሰው ስም መጣ። እጇን ዘርግታ ሬዲዮውን ዘጋችው።

«ለሚስቴ» አሉ ፓፓ ኢሉምቤ። «ምን ላድርግ? መድኃኒት መግዣ አልነበረኝም።»

«አልፈርድብዎትም ፓፓ። ሌላ እንጀራ ባይኖረኝ እኔም የእናቴን ስም እሸጠው ነበር። መፍቻዬን የማልጥለው ለዚህ ነው።»

ሽማግሌው በማግስቱ ቦስ ካዛዲ ዘንድ ሄደው እንቢታዋን ራሳቸው ነገሩት፤ አዲሱ ሙሉ ልብስም በዚያው ቀረ።

የንዞላ ዘፈን ዘግይቶ፣ በሌላ የዝናብ ወራት ወጣ። ንላንዱ በገዛ ገንዘቧ ስላስቀዳችው በስሟ ተመዘገበ፤ የደራሲነት ድርሻውም ለእሷ ይገባል። ፍሪጅ መጠገኑን አልተወችም፤ ያልወደደችውን ሥራ እንቢ ለማለት አቅም የሰጣት እሱ ነዋ። ፓፓ ኢሉምቤም የሰው እጅ ማየት ትተው በግቢያቸው ጊታር እያስተማሩ ያድራሉ። ገቢው ትንሽ ነው፤ ነጩ ልብስ ግን በዚያችው ገንዘብ ትከሻው ጠቦ ተስተካክሏል።

አንድ እሑድ ከሰዓት ማማ ቬሮ ቤት ያንኑ የድሮ ዘፈናቸውን በገዛ ጊታራቸው ተጫወቱት። ጊታሩ ሲሞቅ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው «ኤኪላ! ኤኪላ!» ብለው ተጣሩ።

«ኤኪላ ደግሞ ማናት?» አሉ ማማ ቬሮ ግራ ተጋብተው። «ይሄ የሎምቦቶ ዘፈን አይደል እንዴ?»

«አይደለም» አሉ ሽማግሌው። «የሚስቴ ነው።»