ስማቸው የተፋቀው የ«ወንፊት» ሠሪ

ይህን የሕይወት ታሪክ የሚያነበው የሟች ታናሽ ወንድም ነው። ከቤት ሲወጣ ዘመዶቹ ንዴቱን ዋጥ እንዲያደርግ ለምነውት ነበር፤ አልሆነለትም።

እኅታችን ለሰዓት ጠጋኙ አባታችንና ለልብስ ሰፊዋ እናታችን የበኩር ልጅ ሆነው ተወለዱ። ገና ፊደል ሳይለዩ አባታችን ጠረጴዛ ሥር ተቀምጠው የሰዓት ጀርባ ይፈቱ ነበር፤ ሲገጥሙት ግን አንድ ባለጥርስ መዘውር ሁልጊዜ ይተርፋቸው እንደነበር አባታችን እየሳቁ ያወሩ ነበር።

ዩኒቨርሲቲ ገብተው ሒሳብ አጥንተው በማዕረግ ከተመረቁ በኋላ፣ በሙያ ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት የኮምፒውተር ፕሮግራም አጻጻፍ ሲያስተምሩ ሃያ ስድስት ዓመት ኖሩ። ከኮድ መስመር መጨረሻ የጎደለች ምልክት ከሩቅ ስለምትታያቸው ተማሪዎቻቸው «ድርብ ሰረዝ» የሚል ቅጽል ስም አወጡላቸው፤ እርሳቸውም እንዳልሰማ ሰው ያልፉት ነበር።

አንድ ዓመት፣ በማጠቃለያ ፈተና መካከል፣ ትምህርት ቤቱ የገዛው የፕሮግራም መጻፊያ ፈቃዱ አብቅቷል ብሎ አሥራ አራቱንም ኮምፒውተሮች ቆለፈ፤ ተማሪዎቹም ሥራቸውን ሳያስረክቡ አንገታቸውን ደፍተው ወጡ። በዚያ ቀን በመምህራን ክፍል ቆመው፣ «ውስጡ በማይከፈት ዕቃ ከእንግዲህ አላስተምርም» አሉ፤ ቃላቸውንም ጠበቁ።

ከሁለት ዓመት ድካም በኋላ «ወንፊት»ን አወጡ። በአንድ መስኮት ኮድ የሚጻፍበት፣ የሚሞከርበት፣ ስሕተቱ ገና ሲጻፍ በቀይ ተሰምሮ ምክንያቱ ተማሪው በሚገባው ቋንቋ የሚነገርበት፣ የሚሮጠውንም ፕሮግራም በየመስመሩ አስቁሞ ውስጡን ለማየት የሚያስችል፣ ባረጀ ኮምፒውተር ላይ ሳይንገዳገድ የሚሠራ መሣሪያ ነበር። የውስጡንም ኮድ ለዓለም ሁሉ ክፍት አደረጉት፤ ማንም ይውሰደው፣ ይለውጠው፣ ቢፈልግ ይሽጠው፣ የሠሪዎቹን ስም ብቻ ከላዩ አይፋቅ ብለው።

የኤሌክትሪክ መምህር የነበሩትን ባለቤታቸውን ያገኙት የአጠቃቀም መመሪያውን አብረው ሲጽፉ ነው፤ ሁለት ሴቶች ልጆችም ወለዱ። በዓይን አይተዋቸው የማያውቁ ሰዎች ከየአገሩ ማስተካከያና ተጨማሪ ክፍል ሲልኩላቸው፣ የእያንዳንዱን ስም በገዛ እጃቸው ያስገቡ ነበር፤ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ደረሱ።

ከዚያ «ወንፊት»ን አንድ ትልቅ ኩባንያ ወሰደው። ቀለሙን ቀየረ፣ ሌላ ስም ሰጠው፣ የሠሪዎቹንም ስም አንድ ሳያስቀር ፋቀ። እኅታችን አሥራ አንድ ደብዳቤ ጻፉ፤ ለሦስት ዓመት የመጣው መልስ ጉዳዩ እየተጣራ ነው የሚል ብቻ ነበር። ምን ይጣራል? የፋቀ እጅ የፋቀውን አያውቅም?

ኩላሊታቸው ታሞ በሳምንት ሦስት ቀን ከማሽን ጋር ሲታሰሩ እንኳ ላፕቶፑን ጭናቸው ላይ አድርገው ስሕተት ያርሙ ነበር፤ እርማቱ ዘገየ ብለው የሚሰድቧቸውም አልጠፉም። ከመካከላችሁ ካለ፣ ይስማ። በመጨረሻ የኩባንያው ሰው ሆስፒታል ድረስ መጥቶ፣ ስለ ሌሎቹ ዝም ካሉ የእርሳቸው ስም ብቻ እንደሚመለስ ነገራቸው። እርሳቸውም ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ፣ «ወይ ሁላችንም፣ ወይ ማናችንም» ብለው አሰናበቱት።

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት፣ በሃምሳ ሁለት ዓመታቸው፣ ስማቸው ሳይመለስ ዐረፉ። ዛሬ ከኩባንያው «ለመሥራቻችን» የሚል የአበባ ጉንጉን ደርሶናል፤ እዚያም ላይ ስማቸው የለም። ከበር ውጭ አስቀምጠነዋል።

ባለቤታቸው፣ ሁለት ሴቶች ልጆቻቸው፣ ይህ ወንድማቸውና ሁለት መቶ አሥራ ሁለት የሥራ ባልንጀሮቻቸው ከኋላቸው ቀርተዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን በሰላም ያሳርፍልን፤ የእኛን ቁጣ ግን ገና አያሳርፈው።