ውሃ ያጠጣሁት አረም

ስሙኝማ! ከዊንጌት መንገድ ዳር ነቅዬ ያመጣኋት ነጭ አበባ በረንዳዬ ላይ ጣሳ ውስጥ ጸድቃልኛለች። ከቆቦ ለሕክምና የመጡት አጎቴ ገና ሲገቡ አይተዋት ቀጥ አሉ። «ይሄን ማነው የተከለው?» «እኔ ነኝ ጋሼ፤ አታምርም?» እጃቸውን በጋቢያቸው ጠቅልለው ከነሥሯ መነጨቋት። «ቅንጨ አረም ነው እኮ! የማሽላ ማሳዬን የጨረሰው እሱ ነው። ላሚቱም በልታው ወተቷ መረረ።»

እኔ እኮ በየቀኑ ውሃ አጠጣት ነበር! በማግስቱ የቀረውን ልነቅል ወደዚያው መንገድ ሄድኩ። ዳሩ በሙሉ ነጭ አበባ ነው። አንዱ ቅጠል ካሮት ይመስለኛል፣ ሌላው አሪቲ። ግራ ቢገባኝ ደወልኩላቸው፦ «ጋሼ፣ የትኛው ነው?» የሐኪም ቀጠሯቸውን ትተው ከች አሉ።