አራት ሰው የሚኖርበት ቤት

ኡሊፓ፣ እንደምን አደርሽ? እስቲ ይቺን ካርቶን ሚዛኑ ላይ አድርጊልኝ። ዓሣ ናት፤ ትንሽ የደረቀ የአጋዘን ሥጋም ጨምሬባታለሁ። ኦታዋ ሆስፒታል ለተኛችው እናቴ ነው። በደንብ አስሬያታለሁ፣ አትንጠባጠብም። ጭጋጉ ገለጥ አለ አይደል? እሰይ! አውሮፕላኑ ዛሬ ይነሳል ማለት ነው። ተሳፋሪም አለሽ … እዚያ አግዳሚው ላይ አንድ ሰው ተቀምጧል። ኧረ እኔ ዞሬም አላየሁት፤ ሰው ላይ ማፍጠጥ ነውር ነው። ጋዜጣውን ያንብብ።

እኔማ ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ሬዲዮ ላይ ነኝ። ባለፈው ሳምንት የተካሄደውን የምክር ቤት ስብሰባ ደግመው አሰሙን። አንቺ፣ እንዴት ያለ ተናጋሪ አለን! አንዱ ተነስቶ ሲናገር … ስሙን ተይው፣ ስም ምን ያደርጋል … ቋንቋችንን ኢኑክቲቱትን እንደ አያቶቻችን አሳምሮ ሲናገር፣ ባሌ ጆአናሲ የያዘውን ሻይ አስቀምጦ አዳመጠው። «ቤት መብት ነው» አለ። «ይሄ ምድር የአባቶቻችን ነው፤ በገዛ ምድራችን እንግዳ ልንሆን አይገባም» አለ። አፉ ይባረክ! እውነቱን እኮ ነው። በገዛ መንደሩ እንግዳ የሆነ ሰው ያሳዝናል … አያሳዝንም?

ደግሞ እንደ ሌሎቹ ቢሮ ቁጭ ብሎ አይደለም የሚያወራው። የካቲት ላይ ውሽንፍሩን ችሎ፣ ኑሯችንን በዓይኑ ሊያይ መጥቶ ነበር። ያንን የሚያብለጨልጭ የከተማ ጫማ አድርጎ! በበረዶ ላይ በዚያ ጫማ መሄድ ቀላል መሰለሽ? አልወደቀም ግን። የቤቶች ጽሕፈት ቤቱ ልጅ ክንዱን ይዞት ነበር።

እና ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? የኛን በር አንኳኳ።

አዎ፣ አንኳኳ። ሦስት ጊዜ፣ ቀስ አድርጎ። እንዴት ያለ ትሕትና ነው! ከተማ ሰው ያስተምራል ለካ። አንቺ የኔን በር አንኳክተሽ ታውቂያለሽ? ገፋ አድርገሽ ትገቢያለሽ፣ ጫማሽን ታወልቂያለሽ፣ ከማንቆርቆሪያው ሻይሽን ራስሽ ትቀጃለሽ። ዘመድ ያንኳኳል እንዴ? እዚህ መንደር የሚያንኳኳው ፖሊስ ነው፤ አለዚያ ሰው ሊቆጥር የመጣ የቤቶች ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ነው። የኪራይ ወረቀቱ ላይ ያለነው ደግሞ አራት ነን … እኔ፣ ጆአናሲና ሁለቱ ወንዶች ልጆቼ። ቤቱ ውስጥ ያለነው ግን አሥራ አንድ ነን። ለማንም እንዳትነግሪብኝ ታዲያ። አንቺስ አትነግሪም፤ ሌላ የሚሰማን ሰውም የለም።

ልጄ ሚያሊ ከሦስት ልጆቿ ጋር እኛው ጋ ናት፤ ቤት ይሰጠኝ ብላ ከተመዘገበች ስድስተኛ ዓመቷ ነው። የወንድሜ ልጅ ከነሚስቱ አለ። እናቴ አለች። ከወረቀቱ ውጪ ሰው ከተገኘብን ሁላችንንም ያስወጡናል ብለን ስንፈራ ነው የምንኖረው። በሩ ሲንኳኳ ብታዪን! የወንድሜ ልጅ ከነሚስቱ በመስኮት ወጣ። ሚያሊ ልጆቿን መታጠቢያ ገንዳው ውስጥ አጋድማ መጋረጃውን ጋረደችባቸው፤ ትንሿ እንዳታስል አፏን በሁለት እጇ አፍናለች። እናቴ በጓሮ በር ወጣች። ሥጋ የምናስቀምጥባት፣ ማሞቂያ የሌላት ክፍል አለች አይደል? እዚያ፣ በቤት ጫማዋ፣ ካፖርት እንኳ ሳትደርብ፣ በረዶ የሆነ የአጋዘን ጭን ላይ ቁጭ አለች። ሰባ ዘጠኝ ዓመቷ ነው።

ከፈትኩ። ሳየው … የገዛ የራሳችን ሰው! ደስታዬን ምን ብዬ ልንገርሽ። የሟች አባቴን ስም ያወጡለት ልጅ እኮ ነው፤ እንደ ወጋችን አባቴ ራሱ ተመልሶ መጣ ብለን ነው የተቀበልነው። እናቴ ታቅፋው ካደረችበት ቀን ጀምሮ «ባሌ» እንጂ ሌላ ብላው አታውቅም። ዓሣ በተበላ ቁጥር ከጭንቅላቱ ላይ ለስላሳዋን ሥጋ ፈልፍላ የምታስቀምጠው ለሱ ነበር። «እማዬ፣ ነይ፣ ባልሽ መጣ!» ብዬ ልጣራ አፌን ስከፍት፣ ከኋላው የቤቶች ጽሕፈት ቤቱ ልጅ ወረቀቱን ይዞ ቆሟል። አፌን መልሼ ዘጋሁት።

ገባ፣ ተቀመጠ፣ ሻይ አቀረብኩለት። ትልቅ ሰው አይቸኩልም፤ አርባ ደቂቃ አጫወተን። ሁለት ስኒ ጠጣ። ስለ መብታችን አስረዳን፤ ብዙ መብት አለን ለካ! ጆአናሲ በየመሀሉ ዓይኑ ወደ ጓሮው በር ይሄዳል። እንግዳችን ግን «ምን ታያለህ?» አላለውም፤ ሰው በጥያቄ ማስጨነቅ አይወድም። መግቢያው ላይ የአሥራ አንድ ሰው ጫማ ተከምሯል፤ ሦስት ጥንድ የሕፃን ቦት አለበት። በላዩ ተራምዶ ነው የገባው። አየ፣ ግን አልጠየቀም። ጨዋ አይደል? ሲወጣ «እንዴት ጸጥ ያለ ቤት ነው!» አለና ደብተሩን አውጥቶ ጻፈ። «አራት» ብሎ። ጽሕፈቱ ደግሞ ሲያምር!

እሱ እንደወጣ እናቴን ተሸክመን አስገባናት። ከንፈሯ ጠቁሮ ነበር። በአራተኛው ቀን ሳንባዋ ታሞ በአውሮፕላን ወሰዷት።

እና ጠዋት ሬዲዮው ላይ ምን ሲል ሰማሁት መሰለሽ? «በዓይኔ አይቻለሁ። በትውልድ መንደሬ መጨናነቁ ቀንሷል። በዚህ በጋ በመርከብ የሚመጡት አምስት ተገጣጣሚ ቤቶች የባሰበት መንደር ይሰጣቸው» አለ። ለገዛ መንደሩ እንኳ አላዳላም! እንዲህ ያለ ፍትሕ የት ይገኛል? አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ጆአናሲ ያስቀመጠውን ሻይ ሳያነሳው ቀረ።

እናቴማ ደህና ናት፤ ድናለች ነው የሚሉት። ብቻ ሐኪሙ «የራሷ ክፍል ካላገኘች አልመልሳትም፤ አሥራ አንድ ሰው የሚተነፍስበት ቤት ከገባች አትተርፍም፤ እዚሁ የአረጋውያን መኖሪያ ትግባ» ብሏል። እሱ ምን ያድርግ፣ አሥራ አንድ መሆናችንን እውነቱን ነግረነው ነው። ከአምስቱ ቤቶች አንዱ ለሚያሊ ቢደርሳት ክፍሏ ለእናቴ ይለቀቅ ነበር። ድምፅ የሚሰጡት ሐሙስ ነው አሉ። ዛሬ ማክሰኞ ነው። አንድ ሰው ብድግ ብሎ «ተሳስቻለሁ፤ አራት ሳይሆን አሥራ አንድ ናቸው» ቢል … ግን ቀላል ነው እንዴ? እንደዚያ ከተጨበጨበለት በኋላ? ጭብጨባውን መልስ ቢሉትስ?

ትናንት ለእናቴ ስልክ ደወልኩላት። መጀመሪያ የጠየቀችኝ ምን መሰለሽ? «ባሌ ሻዩን ጠጣ?» ሁለት ስኒ ጠጣ አልኳት። ደስ አላት። «እኔን ጠየቀ?» አለችኝ። … መስመሩ አይሰማም አልኳትና ወሬ ቀየርኩ። ነርሷ ስልኩን ተቀብላ አንድ ነገር ጠየቀችኝ። እዚያ አንኳክተው ነው አሉ የሚገቡት። በሩ በተንኳኳ ቁጥር እናቴ ጉሉኮሷን ነቅላ ከአልጋ ልትወርድ ትታገላለች። «የት መሄድ ፈልጋ ነው?» አለችኝ ነርሷ። ምን ልበላት? ልትደበቅ ነው ልበላት?

ውይ፣ ያ ሰውዬ እስካሁን አንድ ገጽ ላይ ነው። አስተውሎ የሚያነብ ሰው ደስ ይለኛል።

ተሳፈሩ እያልሽ ነው? በይ ካርቶኗን ከሱ ሻንጣ አጠገብ አድርጊያት፤ ትንሽ ብትሸተው ምንም አይል፣ ያደገበት ሽታ ነው። … ተነሳ፣ አየሽ? በዚያው በሚያብለጨልጭ ጫማው። እኔ መቼም ለሰው ሁሉ መልካም ነው የምመኘው። መንገዱን ጨርቅ ያድርግለት። ዕድሜ ከጤና ይስጠው፤ እንደ እናቴ ሰባ ዘጠኝ ይድፈን። ቤቱን ያስፋለት፣ ክፍሉን ያብዛለት። እስኪያረጅ ድረስ የተከበረ ይሁን … በሩን ሳያንኳኳ የሚገባበት አንድም ሰው አይኑር። አሜን በይ እንጂ፣ ኡሊፓ።