የጠዋቱ ደብዳቤና የከሰዓቱ አዋጅ

ሚስተር ሴድሪክ ትሬሎር ለንደን የመጡት ንጉሡን ለመለመን ነበር። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን የሚኖሩት በቦይ ዳር በታሰረች ጀልባ ነው። የጀልባ ነዋሪ ጀልባው ከታሰረበት ቦታ ያለ በቂ ምክንያት እንዳይነሣ የሚደነግግ ረቂቅ ሕግ በሁለቱም ምክር ቤቶች አልፎ የንጉሡን ይሁንታ ብቻ ይጠብቃል። የጀልባ መታሰሪያው ባለቤት ይህን ሰምቶ፣ ለንደን በመጡበት ዕለት ጠዋት ምክንያት እንኳ ሳይጠቅስ «በአንድ ወር ውስጥ ይልቀቁ» የሚል ደብዳቤ ሰጣቸው። ሕጉን መቅደሙን ለማስመስከርም ቀኑንና «ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት» የሚለውን በገዛ እጁ ጻፈበት። ብልጥ ነኝ ማለቱ ነው።

ሽማግሌው በፓርላማው በር ሰልፍ ይዘው ሲተክዙ፣ ከፊታቸው የቆመችው ቤታን ሮውላንድስ የተባለች የሕግ ተማሪ ዞር አለች።

«ደህና ነዎት?»

«ንጉሡ ሊፈርሙ ሲመጡ ይህችን ማመልከቻ እሰጣቸዋለሁ፤ አደራ እንዳይተዉን ብዬ።»

ቤታን ሳቋን ዋጥ አደረገች። «ንጉሡ እኮ አይመጡም። የረቂቆቹ ስም የተዘረዘረበትን ወረቀት ቤተ መንግሥት ሆነው ፈርመዋል። እዚህ በስማቸው የሚቀመጡት ቀይ ካባ የለበሱ ሎርዶች ናቸው።»

«ሙሽራ የሌለበት ሠርግ በይኛ!»

«ሠርጉስ ይጸናል።»

«እምቢ ቢሉስ?»

«ከሦስት መቶ ዓመት ወዲህ እምቢ ያለ የለም።»

«እምቢ የማይል ሰው እሺ ቢል ምን ይፈይዳል ልጄ?»

ደግ ጥያቄ ነው፤ የተማርን ሰዎች እንዲህ ያለውን ዘለን ማለፍ እንወዳለን። ልጅቷ ግን አልዘለለችውም።

«ክርክሩ አልቆ ሕጉ የሁላችን የሚሆንበት፣ ማንም የማይክደው አንድ ቀን ያስፈልጋል። ያን ቀን የሚያውጅልን ከማንም ፓርቲ ያልወገነ ሰው ነው። እሳቸው በልመና እሺ የሚሉ ከሆነ በልመና እምቢም ይላሉ። የመታሰሪያው ባለቤት ቢለምን ከእርስዎና ከእሱ ማን ይሰማል?»

ሚስተር ትሬሎር የማመልከቻቸውን ፖስታ አዩት። «እሱማ ከመሳፍንት ጋር አደን ይወጣል» አሉና ወደ ኪሳቸው መለሱት።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከሎርዶች ምክር ቤት የሕዝብ ሰገነት ሆነው ተመለከቱ። አንዱ ጸሐፊ የረቂቁን ስም ያነባል፤ ሌላው ጎንበስ ብሎ በጥንት ፈረንሳይኛ «ንጉሡ ይፈቅዳሉ» ይላል። ስለ ንብ በሽታ ከተነበበው ቀጥሎ የጀልባዎቹ ተጠራ።

«አለቀ?»

«አለቀ።»

ሽማግሌው ፊታቸው ጠቆረ። «እኔን ግን ቀድሞኛል። የሱ ደብዳቤ የሁለት ሰዓት ነው።»

ቤታን ደብዳቤውን ተቀብላ ስታነብ ዓይኗ በራ። «ሌላ ቀን ያልተቆረጠለት ሕግ የሚጸናው ከጸደቀበት ዕለት መጀመሪያ፣ ከእኩለ ሌሊት አንሥቶ ነው። እሱ በርዎን ሲያንኳኳ ሕጉ ከተወለደ ስምንት ሰዓት ሆኖታል!»

«ዛሬ ያለፈው ሌሊት?»

«የዛሬው። ቀኑንም ራሱ ጽፎልዎታል።»

ሚስተር ትሬሎር መሐረባቸውን አወጡ። ሲወጡ ግን የወረዳቸውን እንደራሴ አድራሻ ጠየቋት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ። ለአንድ ትልቅ ሰው ደጅ መጥናት የአንድን ቀን ችግር ያቀል ይሆናል፤ በተመራጭ በኩል የመጣ ሕግ ግን በዚያ ቦይ ላይ ያሉትን ጀልባዎች ሁሉ፣ መለመን የማያውቁትንም ጭምር ይጠብቃል።

ቤታቸው ሲደርሱ የመታሰሪያው ባለቤት በቦዩ ዳር ቆሞ ነበር። «ዕቃ መሸከፍ ጀመሩ?» አላቸው።

«ጀምሬ ነበር፤ አሁን የሸከፍኩትን ልፈታ ነው» አሉት፣ ወደ ጀልባቸው እየተራመዱ። «ሰዓቱን ከነቀኑ ስለጻፍክልኝ ግን እግዜር ይስጥልኝ።»