ቅዳሜ ያልተዘጋው መዝገብ

ሐሙስ ጠዋት ወደ ቢሮዬ ስሄድ ጋሽ ቁልፉን በማሽን ክፍሉ በር ላይ አገኘኋቸው። ወላጆቻቸው ያወጡላቸው ስም ይህ አይደለም፤ የክፍሉን ቁልፍ አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ከወገባቸው ስላልለዩት የወጣላቸው ነው። የሆስፒታሉን ታካሚዎች መረጃ የሚይዙትን ዲስኮች የሚጠብቁት እሳቸው ናቸው። አጠገባቸው በቅርቡ የተቀጠረችው የዳታቤዝ ባለሙያ ቆማለች። መከራከር የያዙት ቀደም ብለው እንደሆነ ከፊታቸው ያስታውቃል።

«እንኳን መጣህ፤ አንተ የመዝገብ ክፍል ኃላፊ ነህና ፍረደን» አሉኝ።

ነገሩ ቀላል አልነበረም። የኩላሊት እጥበት ክፍል ዲስክ ሊሞላ ጥቂት ቀርቶታል፤ ከሞላ አንዲት መስመር እንኳ አይቀበልም። የጋሽ ቁልፉ ሥርዓት ለእያንዳንዱ ክፍል አንድ ዲስክ መመደብ ነው። አንዱ ሲሞላ ቅዳሜ ዕለት መዝገቡን ይዘጉና የቆየውን ወደ ጥርስ ክፍል ዲስክ ያዛውራሉ፤ እዚያ መቼም ቦታ አይጠፋም። ነርሶቹ ያን ቀን በወረቀት ይጽፋሉ። አምና ከነዚያ ወረቀቶች አንዱ ጠፍቶ አንድ ታካሚ ያንኑ መርፌ ሁለቴ ተወጋ። እግዚአብሔር አተረፈው እንጂ እኔ ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ወረቀቶቹን አንድ በአንድ እቆጥራለሁ።

«የኩላሊቱ መረጃ የት እንዳለ ዓይኔን ጨፍኜ አሳይሃለሁ» አሉ ጋሽ ቁልፉ። «ይቺ ልጅ ግን ሁሉንም ላደባልቀው ትላለች። ተደባልቆ አንዱ ዲስክ ሲሞት የሁሉም ክፍል መረጃ አብሮ ይሞታል።»

ልጅቷ አልሳቀችባቸውም። መጀመሪያ የወደድኩላት ይህን ነው።

«ስጋትዎ ትክክል ነው ጋሼ። እንዲሁ ቢደባለቅ እንዳሉት ይሆናል። እኔ የምለው፣ ዲስኮቹ አንድ ቡድን ይሁኑና ሥርዓቱ ራሱ መረጃውን እኩል ያከፋፍለው። ግን እያንዳንዱ ቁራጭ ሁለት ቦታ ይጻፍ፤ አንዱ በዚህ የዲስክ ሳጥን፣ ሌላው በዚያ። አንዱ ቢሞት ከሌላው ይነበባል። ቦታ ሲያንስ ዲስክ እንጨምራለን፤ ነርሶቹ ሥራቸውን ሳያቆሙ ሥርዓቱ መልሶ ያመጣጥነዋል።»

«የጥርስ ክፍሉስ ባዶ ቦታ?» አሉ ጋሽ ቁልፉ።

«የሁሉም ይሆናል።»

ወሬውን ትተሽ በተግባር አሳዪኝ አሏት። ጎረቤት ክፍል ውስጥ ከአገልግሎት በወጡ ሁለት ሳጥኖች ላይ የመዝገቡን ቅጂ ጭና ለሙከራ አዘጋጅታ ኖሯል። የፈለጉትን ዲስክ እንዲነቅሉ ጋበዘቻቸው። አንድ ነቀሉ፤ የታካሚው መዝገብ ስክሪኑ ላይ መጣ። ከዚያው ሳጥን ሌላ ደገሙ፤ አሁንም መጣ። ከዚያ ወደ ግድግዳው ሄዱና የኤሌክትሪኩን ማጥፊያ ወደ ታች አደረጉት። ሁለቱም ሳጥኖች ባንዴ ጸጥ አሉ።

«አሁንስ?»

ልጅቷ ደነገጠች። ሰበብ ግን አልፈለገችም። «ይህን አላሰብኩትም፤ ተሳስቻለሁ» አለች።

ሽማግሌው ረቱ፣ ክርክሩም አለቀ ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ወንበር ስበው አጠገቧ ተቀመጡ። በማሽን ክፍሉ ለዚሁ የመረጠቻቸው ሁለት ሳጥኖችም በአንድ የኤሌክትሪክ መስመር እንደሚሠሩ፣ በመስኮቱ በኩል ያለው ግን የራሱ መስመር እንዳለው ነገሯት፤ ሲዘረጋ ቆመው ያሠሩት እሳቸው ናቸው።

«እንግዲያውስ ጋሼ፣ የትኛው ከየትኛው ጋር አብሮ እንደሚወድቅ እርስዎ ይንገሩኝ፤ ቅጂውን በዚያ ልክ እለያየዋለሁ። ይህን ሥርዓቱ በራሱ አያውቅም።»

ጋሽ ቁልፉ የወገባቸውን ቁልፍ ዳሰሱ። «እኔ ደግሞ ከዚህ በኋላ አያስፈልጉም ልትይኝ መስሎኝ ነበር» አሉ ቀስ ብለው።

ለካስ ያን ሁሉ የተሟገቱት ስለ ዲስክ ብቻ አልነበረም። በበኩሌ ሁለቱንም አደነቅኋቸው፤ ስህተቷን በሽማግሌ ፊት ያመነችውንም፣ ድላቸውን ለማስተማሪያ ያዋሉትንም። ዕውቀትና ልምድ እንዲህ ሲገናኙ ደስ ይላል።

አንዱን ሳጥን ከሌላ መስመር ጋር አገናኝተው እንደገና ሞከሩ። አንዱን መስመር ራሳቸው አጠፉ፤ አንዱ ሳጥን ሲሞት መዝገቡ ከሌላው መጣ። «ተረታሁ» አሉ ጋሽ ቁልፉ፤ ሲሸነፍ እንዲህ ደስ ያለው ሰው አይቼ አላውቅም።

ዓርብ ከግምጃ ቤት ያወጧቸውን አዲስ ዲስኮች በየመስመራቸው ለይተው ቡድኑን አቋቋሙ። አንዱ ክፍል ተጨናንቆ ሌላው ባዶ የሚያድርበት፣ ለዕቃ ሲባል ሕሙማን የሚጉላሉበት ጊዜ አበቃ። ቅዳሜ ወደ ቡድኑ የመዛወር ተራው የኩላሊቱ መዝገብ ሆነ። ልጅቷ ታች ሥራውን ስትከታተል ጋሽ ቁልፉ እኔን አስከትለው ወደ እጥበት ክፍሉ ወጡ። የእነዚህን ሰዎች መዝገብ ያን ያህል ዓመት ሲጠብቁ አንድም ቅዳሜ አይተዋቸው አያውቁም ነበር። በየአልጋው ሰው ተኝቶ ደሙ በቱቦ ይዞራል፤ እሳቸውም ባርኔጣቸውን አውልቀው እያንዳንዱን ፊት አዩ።

ስትጽፍ የነበረችው ነርስ ስታያቸው እጇን ከኪቦርዱ አነሳች።

«ጋሼ፣ መዝገቡን ልትዘጉት ነው?»

«የለም ልጄ፤ እየተዛወረ ነው።»

«መቼ?»

«አሁን፤ አንቺ ስትጽፊ።»

ነርሷ አንዴ እሳቸውን፣ አንዴ ስክሪኑን አየችና የታካሚዋን የደም ግፊት መጻፏን ቀጠለች።